ሰማይ የበዛበት ሰርግ

ወርቂቱ ፍላሹን ጠረጴዛዬ ላይ ስትወረውረው ገና ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጥንም ነበር።

«አገርነሽ፣ እኔ የደገስኩት ሰርግ ነው ለቅሶ?» አለችኝ።

ወርቂቱ የምዕራብ ዓባያ ሙዝ ነጋዴ ናት። እኩያሞች ነን፣ ተከባብረን ነው የኖርነው። ልጇን ስትድርም ሌላ ፎቶ ቤት ሳትረግጥ ቀጥታ ወደኔ ነው የመጣችው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር መሐል ያለው ፎቶ ቤት የኔ ነው። ሰርግ የሚያነሳልኝ እንድሪያስ ይባላል፤ እሱ ያነሳውን ቆራርጣ፣ ዘፈን ጨምራ የምታስተካክለው ቤቲ ናት። ሌላ ሠራተኛ የለኝም።

«ምን ጎደለው?» አልኳት።

«ልጄ ጎደለ። የት ሄደ ልጄ? ሰማይ፣ ሰማይ፣ አሁንም ሰማይ። እኔ ሰማይ ነው እንዴ የዳርኩት?»

ወርቂቱ ስትናደድ አማርኛዋ ሴቱን ወንድ ያደርገዋል፤ ስለ ሴት ልጇ ነው የምታወራው። አልሳቅኩባትም። እኔም ደሜ ሲፈላ ጋሞኛው ነው የሚቀድመኝ።

ፍላሹን ሰክተን አብረን አየነው። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ካሜራው ከመንገዱ ማዶ ነው ያለው። እሷ ከታች ጥግ ላይ አውራ ጣት አክላ ትታያለች፤ ከላይዋ ያለው ሁሉ ደመና ነው። አዳራሽ ውስጥ ሲጨፈር ካሜራው ውጭ ቀርቷል። በመስኮት ነው የሚያየው፣ ግማሹን መጋረጃ ሸፍኖታል። ኬኩ ሲቆረስ ቢላዋና እጅ ብቻ ነው ያለው፣ የማን እጅ እንደሆነ አይታወቅም። ከኋላ የሚታየው ዓባያ ሐይቅ እንኳ ያ ቀይ አፈር የመሰለ መልኩ ጠፍቶ አመድ ሆኗል። መጨረሻ ላይ እንግዳው ሁሉ ሄዷል፤ ካሜራው ግን አልሄደም። የፕላስቲክ ወንበሮቹን ያያል። አንዱ ተገልብጧል። ንፋስ የጠረጴዛውን ልብስ ያነሳዋል፣ ይጥለዋል። ቤቲ የጨመረችው የሰርግ ዘፈን ከላዩ እየጨፈረ ነገሩን ጭራሽ አባሰው።

ምንም ክፉ ነገር አልታየም እኮ፤ ወንበር ነው፣ ንፋስ ነው። ግን ያን ወንበር ሳይ አሁን በሩ ተከፍቶ መርዶ ነጋሪዎች የሚገቡ መሰለኝ። ወርቂቱም ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። ስትገባ የነበራት ቁጣ የት እንደገባ እንጃ።

«ይስተካከላል፤ ልጅሽን አጉልተን እንሰጥሻለን» ብዬ ሸኘኋት።

ከሄደች በኋላ ቤቲን፣ «ይሄ ነገር ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያስፈራው?» አልኳት።

ቤቲ አዋሳ ሄዳ ይህንን ሙያ የተማረች ናት። «የሚታየው ሰው ከታች አንሶ ባዶው ሲበዛ ዓይን ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ እትዬ» አለችኝ። «ባዶው ውስጥ የሚመጣ ነገር ይጠብቃል። ቀለሙ ሲቀንስና ካሜራው ቶሎ አልነሳ ሲል ደግሞ ጥበቃው ይብሳል። ፊልም ሠሪዎች አውቀው ነው የሚያደርጉት፣ መዓት ሊመጣ ሲል።»

«እንድሪያስ ታዲያ በወርቂቱ ልጅ ሰርግ ምን መዓት ሊያመጣብኝ ነው?»

ቤቲ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ቀለሙን ቀንሺው ያለኝም እሱ ነው። ዱንጉዛውን ሁሉ ሳይቀር። ቀዩም ቢጫውም ይጮህብኛል አለኝ።»

ዱንጉዛ የኛ የጋሞዎች ልብስ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር። የሸማኔ ልጅ ሆኖ ዱንጉዛ ጮኸብኝ የሚል ሰው እኔን ሊያታልል ከሆነ ሞኙን ይፈልግ አልኩ።

እኔ ሰው አላምንም። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ «አገርነሽ የመጠጥ ውሃ ሲሰጧት እንኳ ወደ ብርሃን ይዛ ታያለች» ይል ነበር። ሰው ሲያመሰግነኝ ምን ሊጠይቀኝ ነው እላለሁ። በዚህ አላፍርም። ብቻዋን ሱቅ ይዛ የኖረች ሴት እንዲህ ካልሆነች በአንድ ክረምት በልተው ይጨርሷታል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ደግፌን ነው። ደግፌ ድሮ ሽርኬ ነበር፤ ተጣልተን ወጥቶ ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊቴ የራሱን ፎቶ ቤት ከፈተ። እንድሪያስን ገዝቶብኛል፣ ሰርጎቼን እያበላሸ ደንበኛ ሊያሸሽልኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። እንድሪያስ ማን እንደነበር ስለማውቅ ነዋ።

እንድሪያስ የኦቾሎ ሰው ነው፣ አባቱ ሸማኔ። መጀመሪያ የመጣው ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ነበር። ታጥቦ ሲደርቅ አየና፣ «ይሄ እኔ አይደለሁም፣ ፊቴን አላገኘሽውም» አለኝ። እኔ ላይ። በድፍረቱ ተናድጄ፣ «እንግዲያው አንተ አግኘው» ብዬ ካሜራውን ሰጠሁት፣ ከዚያ በኋላ ካሜራው ተመልሶ እጄ አልገባም።

ሰርግ ሲያነሳ ዳር አይቆምም ነበር። ካሜራውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከጨፋሪው መሐል ይገባል፣ አብሮ ይዘላል። ጥርስ ነው የሚያነሳው፣ ላብ ነው፣ የሙሽራዋ አክስት ዳጣ አቃጥሏት ስታስነጥስ ነው። የዚያን ዘመን የአርባ ምንጭ ሰርግ ቪዲዮ ያለው ሰው ይክፈተውና ይስማ፤ አንዱ ጥግ ላይ «እንድሪያስ፣ ወዲህ፣ እኔን አንሳኝ» የሚል ድምፅ አይጠፋም። አንዴ ሐይቁም ይግባበት ስለው፣ «ሰርግ ላይ ሰማይና ውሃ ምን ያደርጋል? እነሱ ነገም አሉ» ብሎኛል።

አንድ ነገር ብቻ ያናድደው ነበር። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ለድንኳን የሚሆን ትልቅ ፎቶ ሊያሠራ ይመጣል፤ የሚያመጣውም ያችን የመታወቂያ ጉርድ ነው። ዓይኑ የፈጠጠ፣ ማኅተም ያረፈበት። «ሰው ዕድሜውን ሙሉ ኖሮ የሚያለቅሱለት በማኅተም ነው እንዴ?» እያለ ያጉረመርም ነበር። ያንን ማኅተም ከሟች ግንባር ላይ ሲያጠፋ ይውላል።

እንዲህ ያለ ሰው ሳያውቅ ሰርግ ያበላሻል ብዬ አላምንም። ስለዚህ አውቆ ነው።

በማግስቱ ሲመጣ ጠበቅሁት። «ደህና ነህ?» አልኩት።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ።

«ወርቂቱ ሰማይ በዛ አለች።»

«ይበዛል» አለና የካሜራውን ቦርሳ አንስቶ ወጣ።

ይሄው ነው። ድሮ ቢሆን እንደኔው ይጮህ ነበር፣ ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን ዓሣ ቤት ሄደን እንበላ ነበር። አልተጨቃጨቀም። የማይጨቃጨቅ ሰው ደግሞ እኔን በጣም ያጠራጥረኛል።

ቀጥታ ደግፌ ሱቅ ገባሁ። ስንት ዘመን ያልረገጥኩት ደጃፍ ነው። ደግፌ እጁ ላይ ያለውን ፍሬም አስቀምጦ አየኝ።

«እንድሪያስን መቼ ነው የምትወስደው? ንገረኝና ልወቀው» አልኩት።

«አገርነሽ፣ እሱን ብፈልግ ድሮ ነበር የምወስደው» አለኝ። «አሁን እንኳን እኔ አንቺም አትፈልጊው። በቀደም የአክስቴን ልጅ ሰርግ አነሳ፣ ቤቱ ሁሉ አይቶት ሲያበቃ ተነስተው እንቅልፍ እንቢ አለን አሉ።»

ፊቱን አየሁት። ደግፌ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፤ አልቀላም። ተናድጄ ወጣሁ፣ ጥፋተኛ ባለማግኘቴ።

ከዚያ ሴት ይዞ ይሆናል አልኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ሲወጣ ባጃጅ ይዤ ተከተልኩት። ወደ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ወጣ፣ የእግዜር ድልድይና ሁለቱ ሐይቆች ከሚታዩበት ገደል አፋፍ ሄዶ ተቀመጠ። ዛፍ ሥር ተደብቄ ጠበቅሁ። ጉንዳን እግሬን በላው። ማንም አልመጣም። ስልክ አላወራም፣ አልጠጣም፣ እንዲያው ሲያይ ብቻ ቆየ፣ ሐይቁን ነው ሰማዩን እንጃ። ሴት ብትመጣ ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ የምሰድባት ሰው አገኝ ነበር።

ሚስቱ ዘንድ ሄድኩ። ልክነሽ አስተማሪ ናት፣ ደግ ናት፣ ሰው ታምናለች። የምታጠባውን ልጅ ታቅፋ ተቀበለችኝ።

«እንድሪያስ ምን ሆኗል?» አልኳት።

«ኧረ ደህና ነው፣ እትዬ። ትንሽ ምግብ ቀንሷል። እንቅልፍም። ሥራ በዝቶበት ነው። ቤተ ክርስቲያን ጸለይንለት፣ አሜን አለ።»

«እሱ ራሱ ምን ይላል?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል» አለችና ፈገግ አለች። «እንዲያውም ሰሞኑን በርትቷል። የሚያፈሰውን ጣራ ደፈነው፣ የተሰበረውን አጥር ሠራ፣ አባቱ የሸመነለትን ጋቢ ለጎረቤታችን ሽማግሌ ሰጠ። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። የጀመረውን ሁሉ እየጨረሰ ነው።»

የጀመረውን ሁሉ እየጨረሰ ነው። ቃሏ መንገዱን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ሰው መቼ ነው አጥሩን ሠርቶ ጋቢውን የሚሰጠው? ሊሄድ ሲል ነው። ደረስኩበት አልኩ። ወይ አዲስ አበባ፣ ወይ ስንቱ የኛ ሰው በየድንበሩ እንደሚሄደው ደቡብ አፍሪካ። ካሜራዬን ይዞ።

በማግስቱ ጠዋት እንድሪያስ ገረሴ ሰርግ ሊያነሳ ወጣ። እሱ እንደሄደ ቤቲን አስቀምጬ፣ «ከመስቀል ወዲህ ያነሳውን ሁሉ አምጪ፣ በተራ» አልኳት። ማስረጃ ፈልጌ ነው።

ዘፈኑን አጥፍተን አየነው። ዮ ማስቃላ እየተባለ ከተጨፈረበት የዘመን መለወጫችን ሰሞን ያለው ሰርግ ላይ እንድሪያስ አሁንም ከመሐል ነው፣ የጨፋሪ ክርን ካሜራውን ሲመታው ይሰማል። ከገና በኋላ ያለው ላይ ከጨፋሪው ክብ ውጭ ወጥቷል። ቀጥሎ በሩ ላይ ነው። ቀጥሎ ግቢው ውስጥ። ቀጥሎ በመስኮት። የወርቂቱ ልጅ ደግሞ ከመንገድ ማዶ። ሰዎቹ እያነሱ እያነሱ፣ ሰማዩ እየበዛ እየበዛ ይሄዳል።

«ወደ ኋላ እየሄደ ነው» አለች ቤቲ።

«ስሙን የሚጠራውስ?»

እንደገና ከፈተችው። ከበሩ ጀምሮ ማንም አይጠራውም። ማንም ወደ ካሜራው አያይም። እንድሪያስ መኖሩን ያወቀ ሰው የለም። ሐዘንተኛ ነጠላውን አዘቅዝቆ ጥለቱን ወደ ላይ ሲያደርገው ምንም ሳይናገር ሐዘኑ ይታወቃል፤ ይህም ሰው ካሜራውን አዘቅዝቆ በየሰርጉ ፊታችን ተመላልሷል። እኛ ደግሞ ቀለም ጨምሩበት፣ ሙሽራዋን አጉሉ እንላለን።

ይህን ገና ሳስበው ነው ቤቲ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገችው። «እትዬ፣ አትቆጪኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ነገር አሳትሞ ነበር። ለማንም አትንገሪ ስላለኝ ነው።»

ከመደርደሪያው ኋላ በጋዜጣ የተጠቀለለ ፍሬም አወጣች። ፈታሁት። እንድሪያስ ነው።

መጀመሪያ የመጣልኝን ልናገር፤ ደሜ ፈላ። ይኸው፣ ሱቅ ሊከፍት ነው፣ ለማስታወቂያው ራሱን አንስቷል አልኩ። ፎቶው እንደሆነ ያምር ነበር። ከወራት ወዲህ እንደዚህ ያለ አላነሳም። ከቅርብ ነው፣ ፊቱ ፍሬሙን ሞልቶታል፣ ጥርሱ ይታያል፣ ቀለሙ እንደ ድሮው ነው። ከሰማይ ጥፍር ያህል እንኳ የለበትም። ሰርግን እንደ ለቅሶ ሲያነሳ የከረመ ሰው ራሱን እንደ ሙሽራ አንስቷል።

«ለሳሎኑ ነው መሰለኝ» አለች ቤቲ። «ጠርዝ እንዲሆነው ከሥሩ ነጭ ተዪልኝ አለኝ።»

ከሥሩ አየሁ። መዳፍ የሚያህል ነጭ ቦታ ተትቷል፣ ባዶ።

ቤቲ እኔ ጋ ከገባች ገና ነው። ያንን ነጭ እሷ አታውቀውም። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ስተወው ኖሬያለሁ። ስም፣ የተወለደበት ዘመን፣ ከጎኑ ደግሞ ያረፈበት የሚጻፍበት ነው። ለድንኳን ከሚሠራ ፎቶ በቀር አንድም ሥራ ላይ አንተወውም።

ክው ብዬ ቀረሁ። ጣራው፣ አጥሩ፣ ጋቢው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያ ሁሉ መቀመጥ፤ የሚሄድበትን አሁን አወቅሁ። ደቡብ አፍሪካ ቢሆን ኖሮ ብዬ ተመኘሁ። እግዜር ያውቃል፣ ካሜራዬን ይዞ በጠፋ ኖሮ።

ደወልኩለት፤ አያነሳም። ደጋገምኩ። ቤቲን፣ «ልክነሽ ጋ ሂጂ፣ እንድትደውልለት ንገሪያት፣ ሌላ አታስደንግጫት» አልኳትና መንገዱን ተሻግሬ ደግፌ ሱቅ ገባሁ። ፒካፕ ያለው እሱ ነው። ፍሬሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ደግፌም የኔው ሙያ ነው ያለው፤ ፊቱን አላየውም፣ ከሥሩ ነው ያየው።

«የት ነው ያለው?» አለኝ።

«ገረሴ።»

ደንበኛ ቁጭ ብሎ ነበር። ይቅርታ እንኳ ሳይለው ቁልፉን አንስቶ ወጣ።

በፒካፑ ወደ ደጋው ስንወጣ ሙዙ አለቀ፣ እንሰቱ ጀመረ፣ ከዚያ ቀርከሃውና ጉሙ። መንገዱን ሁሉ በእንድሪያስ ካሜራ ማየት ጀመርኩ። አንድ ቤት አያለሁ፣ ከላዩ ጉም ብቻ ነው። አንዲት ሴት እንጨት ተሸክማ ከታች ጥግ ታልፋለች፣ ታንሳለች። ባዶ አግዳሚ ወንበር ደጅ ላይ። አገሬ ነው፣ ስንቴ የተመላለስኩበት መንገድ ነው፣ ግን ሁሉም ነገር ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቅ መሰለኝ። ይህ ሰው ለካ በየቀኑ እንዲህ እያየ ነው የሚኖረው አልኩ፣ አንጀቴን በላው።

ሰርጉ ቤት ስንደርስ ጭፈራው ደርቷል፣ ዱንጉዛው ይወዛወዛል። «ካሜራማኑ የት አለ?» ብል የሚያውቅ የለም። አንዷ ብቻ፣ «አንድ ሰውዬ ከዚያ ማዶ ነበር» ብላ በእጇ ጠቆመችኝ። ከሸለቆው ማዶ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ ካሜራው በሦስት እግሩ ቆሟል። ብቻውን። ከኋላው ሰው የለም።

ጉልበቴ ክፉኛ ታማሚ ነው፣ ደረጃ ሳልቆም አልወጣም። ያን ኮረብታ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ስወጣ ጸለይኩ፣ ተሳደብኩ፣ ሁለቱን ቀላቀልኩት። ካሜራው ጋ ስደርስ ቀዩ መብራት በርቷል፣ እየቀዳ ነው። በመስታወቱ አየሁ፤ ሰርጉ ታች የምስር ፍሬ ያክላል፣ የቀረው ሰማይ ነው።

ከካሜራው በታች፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ድንጋይ አለ። እንድሪያስ እዚያ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል።

ሄጄ አጠገቡ ዘጭ አልኩ። የቀሚሱን ጫፍ፣ ምን ቀሚስ እላለሁ፣ የኮቱን ጫፍ በእጄ ጨበጥኩት።

«እትዬ» አለ ዞር ብሎ። «ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ደህና ነህ?» አልኩት።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አላምንህም።»

ፊቱን ወደ ሸለቆው መለሰ።

«ልክነሽ ታመንህ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ይመንህ። እኔ አላምንህም። ከፎቶው ሥር ያለው ነጭ ላይ ምን እንድጽፍልህ ነው የተውከው?»

እዚያ ላይ ፊቱ ተለወጠ። አሁን ያለቅሳል ብዬ ስጠብቅ አላለቀሰም። ታች ጭፈራው አንድ ዙር እስኪዞር አየና፣ «ልክነሽ በጉርድ ፎቶ እንዳታለቅስ ብዬ ነው» አለ።

ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ሲሞት ያላወጣሁትን አወጣሁት። «ተናድጄብሃለሁ» አልኩት እያለቀስኩ። «በጣም ነው የተናደድኩብህ። ጣራ ደፍነህ፣ ጋቢ ሰጥተህ፣ ለኔ ምንም ሳትነግረኝ። እኔ ጉንዳን ነው የበላኝ ባንተ ምክንያት።»

ጉንዳኑ ምን እንደሆነ አላወቀም። ግን ከንፈሩ ትንሽ ንቅንቅ አለ።

«ምን ልንገርሽ፣ እትዬ? ምንም የሆንኩት ነገር የለም እኮ» አለኝ። «ሰው አልሞተብኝ፣ አልተራብኩ። ሁሉም ሰው ከመስታወት ኋላ ሆነብኝ፣ አይሰማኝም። ካሜራውን ሳቀርበው ጭራሽ ይጠፉብኛል። ሰርጋችሁን ላበላሽ ብዬ አይደለም። ካለሁበት ነው ያነሳሁት።»

ምክር ብዙ ነበረኝ። ሚስት አለህ፣ ልጅ አለህ፣ ወጣት ነህ የሚለው ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩት። እሱ ያንን የማያውቅ መሰለኝ እንዴ። «ተነስ» አልኩት። «እኔ ብቻዬን ይህን ቁልቁለት አልወርድም። ጉልበቴን ታውቀዋለህ።»

ይህ ደግሞ እውነት ነበር። አየኝ፣ ገደሉን አየ፣ ተነሳና ክንዴን ያዘ። ደግፌ ካሜራውን ከነሦስት እግሩ ተሸክሞ ከኋላችን መጣ። ሰርጉን ማን እንደጨረሰ አትጠይቁኝ፣ ደግፌ ነው የጨረሰው፤ በደንብ አነሳው፣ የሚያናድድ ነገር ነው።

እኔና እንድሪያስ ፒካፑ ውስጥ ጠበቅነው። ልክነሽ ደወለች፣ ስልኩን ሰጠሁት። የተባባሉትን አልናገርም።

በማግስቱ ሦስታችን ሐኪም ቤት ሄድን፣ እሱ፣ ልክነሽና እኔ። የአእምሮ ሐኪሙ ብዙ ጠየቀው፤ እስከዚያ ቀን ስላለበት ነገር ማንም እንዲህ ጠይቆት አያውቅም ነበር። መድኃኒት ተሰጠው። መድኃኒቱንም ወደ ብርሃን ይዤ አየሁት፣ እኔ መሆኔን አልተውኩም። ቶሎ አይሠራም ብለውን ነበር፣ ቶሎ አልሠራም። ብቻውን እንዳይሆን ተራ ገባን፤ ደግፌ ሳይቀር ተራ ያዘ፣ ሲመጣ ሲመጣ እኔም ሰላም እለው ጀመር።

ወርቂቱ ሰማች። ፍላሽዋን ልትወስድ መጣች፤ ቤቲ ሙሽራዋን ባጎላቻት ቁጥር ፊቷ እየተበተነ እናቷ እንኳ የማታውቃት ሆና ነበር። ወርቂቱ አየችና፣ «ተዪው፣ የመጀመሪያው ይሻላል። ልጄም አለች፣ ቤቴም አለ፣ እንድሪያስም አለበት» አለችኝ። ለእንድሪያስም አንድ ዘለላ ሙዝ ትታለት ሄደች።

ፎቶውን ልክነሽ ልታቃጥለው ፈልጋ ነበር። ከለከልኳት። የወረቀት መቁረጫው ላይ አጋድሜ ከሥሩ ያለውን ነጭ ቆርጬ ጣልኩት፣ የቀረውን ከደጅ በሚታየው መስታወት ውስጥ፣ ከሙሽሮቹ መሐል ሰቀልኩት። እንድሪያስ በዚያ በኩል ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል፣ «አውርጂው» ይለኛል። አላወርድም። በገዛ ፎቶ ቤቴ ያሻኝን የመስቀል መብት አለኝ።

በየቀኑ ጠዋት በሩ ላይ ጠብቄ እጠይቀዋለሁ። «ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አላምንህም» እላለሁ። ይገባል፣ ቦርሳውን ያስቀምጣል። እንዲህ እያልን ክረምቱ አለቀ።

የመስቀል ሰሞን ነው፣ ሲቀላ በግርግር ተሞልታለች፣ ሰርግ ሰርግ ላይ ተደርቦብናል። አንድ ጠዋት እንድሪያስ ዘግይቶ መጣ። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፣ ሸሚዙን አንዱን ቁልፍ ዘሎ ነው የቆለፈው። በሩ ላይ ቆምኩ።

«ደህና ነህ?» አልኩት።

አፉን ከፈተ። የለመድነውን ሊል ነበር፣ አየሁት፣ ቃሉ አፉ ድረስ መጥቶ ነበር። ዘጋው። ከዚያ ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ፤ ከኔ እስከ እሱ አንድ ክንድ አይሞላም።

«ዛሬስ ደህና አይደለሁም፣ እትዬ» አለኝ።

ወንበር ሳብኩለት። ቤቲን ለዛሬው ሰርግ ደግፌን ጥሪው አልኳት። አጠገቡ ተቀመጥኩና እጁን ያዝኩት።

«አመንኩህ» አልኩት።